«ተይዞ ይቅረብ» የተባለ ሰው ከየት ይጀምር?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ኡበር እነዳለሁ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ 495 አውራ ጎዳና ላይ በ55 ማይል መንገድ 84 ስነዳ ፖሊስ አስቆመኝና ትኬት አስፈርሞኝ ሄደ። ወረቀቱ ላይ ቀጠሮው 03/05/2024 ይላል። እኔ እንደለመድኩት ቀኑን አስቀድሜ አንብቤ ሜይ 3 ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ኤፕሪል ላይ ለጓደኛዬ ሳሳየው ‹ይሄ እኮ ማርች 5 ነው፣ አልፎሃል› አለኝ። ደንግጬ ወረቀቱን ኮመዲኖ ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ወዲህ ቨርጂኒያ አልረገጥኩም። አሁን ግሪን ካርዴ አምስት ዓመት ስላለፈው ሲቲዝንሺፕ ማመልከት እፈልጋለሁ፤ ደሴ ያሉት እናቴም ታመዋል። ዋራንት እንዳለብኝ በምን ልወቅ? ብሄድስ እዚያው ያስሩኛል? አንዱ ሰባት ዓመት ሲሞላው ራሱ ይጠፋል አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ከፍለህ እይ ይለኛል።»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ እጅዎ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ እንይ፤ ደብዳቤዎ ላይ «ትኬት» ብለው ነው የጻፉትና። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይልና ከዚያ በላይ አልፎ መንዳት፣ ወይም የመንገዱ ገደብ ምንም ይሁን ምን ከ85 በላይ መንዳት፣ ሪክለስ ድራይቪንግ (በግዴለሽነት መንዳት) ነው። እርስዎ ያለፉት በ29 ነው። ይህ ተከፍሎበት የሚያልቅ የደንብ መተላለፍ ሳይሆን ክላስ 1 ሚስዲሚነር የሚባል ወንጀል ነው፤ ጣሪያው 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር። ወረቀቱ ግን ያው ትኬት ይመስላል፤ ከሜሪላንድና ከዲሲ የሚሻገሩ ሰዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። የፈረሙትም ጥፋትዎን አምነው አይደለም፤ በተጻፈው ቀን እቀርባለሁ ብለው ነው። የፈረሙት ወረቀት ራሱ መጥሪያዎ ስለሆነ «ፖስታ አልደረሰኝም» የሚለው መከራከሪያ ለእርስዎ አይሠራም። ቀኑን አዛብቶ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ላይ እንመለስበታለን።

ተራ የፍጥነት ትኬት ቢሆን ኖሮ እርስዎ በሌሉበት ዳኛው ፈርዶ ሂሳቡን በፖስታ ይልክልዎት ነበር፤ ፈልጎ የሚይዝዎትም የለም። የእርስዎ ወንጀል ስለሆነ ማርች 5 ቀን ዳኛው ፊት ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ፣ እስራት እስካልፈረደ ድረስ በሌሉበት ጥፋተኛ ብሎ መቅጣት ነው። ሌላው በአገራችን ችሎት «ተይዞ ይቅረብ» የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ ሰዉ ቤንች ዋራንት ይለዋል፣ የቨርጂኒያ ወረቀቶች ግን ካፒያስ ነው የሚሉት። ስሙን ይያዙት፤ ክለርኳ (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ) «ካፒያስ አለ» ስትልዎት ሌላ ነገር እንዳይመስልዎ። እንግዲህ የፈሩት ዋራንት ጨርሶ ላይኖር ይችላል። የማያውቁት ፍርድ ተፈርዶብዎትም ሊሆን ይችላል፣ እሱ በአንዳንድ መልኩ ይብሳል።

ማጣራቱ አይከፈልበትም። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ የጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት መዝገብ መፈለጊያ አለ። ፌርፋክስ ካውንቲን ይምረጡ፣ ትራፊክና ክሪሚናል የሚለውን ይክፈቱ፣ በስም ይፈልጉ። መጀመሪያ ላስት ኔም፣ ቀጥሎ ኮማ፣ ከዚያ የራስዎ ስም። ከፍለህ እይ የሚሉት ድረ ገጾች ከዚሁ ከሕዝብ መዝገብ ቀድተው፣ ብዙ ጊዜም ያረጀ መረጃ ነው የሚሸጡልዎት፤ ገንዘብዎን ለጠበቃ ያቆዩት።

የእኛ ሰው ራሱን ፈልጎ የሚያጣው በስሙ የተነሳ ነው። ፖሊሱ የጻፈው መንጃ ፈቃድዎ ላይ ያለውን ነውና እሱን አውጥተው ፊደል በፊደል ያስገቡ። አንዳንዱ መንጃ ፈቃድ ላይ ላስት ኔም የአባት ስም ነው፣ አንዳንዱ ላይ የአያት ሆኖ የአባት ስም መሃል ይገባል። ኃይለማርያምና ገብረመድኅን አንዴ ተቀጥለው፣ አንዴ ተለያይተው ይጻፋሉ፤ ሲለያዩ ኮምፒዩተሩ ማርያምን ብቻ ላስት ኔም አድርጎ ይወስድና «ኃይለ» የመሃል ስም ሆኖ ያርፋል። ፀሐይና ፀጋዬ በላቲን ፊደል ቢያንስ በሁለት መንገድ ይጀምራሉ። ስለዚህ ሙሉ ስምዎን አስገብተው «አልተገኘም» ቢልዎት አይረጋጉ፤ የላስት ኔሙን መጀመሪያ ጥቂት ፊደላት ብቻ አስገብተው ዝርዝሩን በዓይንዎ ያስሱት። ስክሪኑ ከልደትዎ ወሩንና ቀኑን ብቻ ያሳያል፣ ዓመቱን ይሸፍነዋል። ከኛ መካከል ደግሞ ጃኑዋሪ 1 ያልተወለደ ስንት ሰው አለ? በልደት ብቻ «ይህ እኔ ነኝ» ወይም «አይደለሁም» እንዳይሉ፤ የተያዙበትን ቀንና የክሱን ዓይነት ከወረቀትዎ ጋር ያመሳክሩ።

መዝገቡን ሲያገኙ ቁጥሩ በላቲን ፊደል ጂቲ ብሎ፣ ቀጥሎ የዓመቱን ሁለት አኃዝ ይዞ ይጀምራል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይገልብጡት፤ ከዚህ በኋላ ስምዎን ሳይሆን እሱን ነው የሚጠሩት። ፋይናል ዲስፖዚሽን (የመጨረሻ ውሳኔ) በሚለው ሳጥን ውስጥ «ጊልቲ ኢን አብሴንሺያ» የሚል ካለ በሌሉበት ተፈርዶብዎታል ማለት ነው። ያ ሳጥን ባዶ ሆኖ፣ ወይም ከዋናው ክስ ሌላ ካፒያስ ወይም «ፌይለር ቱ አፒር» (አለመቅረብ) የሚል መስመር ተጨምሮ ካዩ ማዘዣ ወጥቷል ብለው ይነሱ። ጉዳዩ ወደ ሌላ ቀን ተዛውሮ ከሆነም ቀኑ እዚያው ይታያል፤ ለማንኛውም አንብቡት፣ ወሩ ነው የሚቀድመው። ስክሪኑ ንጹሕ መሆኑ ግን ዋራንት የለም ማለት አይደለም፤ ያልተፈጸመ ማዘዣ ሁልጊዜ ለሕዝብ አይታይምና። ስለዚህ ወደ ክለርኩ ቢሮ ይደወላል። መዝገቡ የሕዝብ ስለሆነ ጓደኛዎም ሊደውልልዎ ይችላል። የመዝገቡን ቁጥር ሰጥቶ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ ያልተፈጸመ ካፒያስ አለ ወይ? ዳኛው የዋስትና መጠን ጽፎበታል ወይ? የተቀጠረ ቀን አለ ወይ? ለምን እንደቀሩ፣ ምን ያህል እንደነዱ አያውራ። ክለርኳ የሕግ ምክር መስጠት ስለማይፈቀድላት «ምን ላድርግ» ቢሏት አትመልስልዎትም፤ ክፉ ሆና አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ «ዋራንት አለብኝ ወይ» ብሎ መጠየቅ ግን አይገባም። ካለብዎ መልሱ ካቴና ነው፤ ፖሊሱም ሌላ ምርጫ የለውም።

የተገኘው በሌሉበት የተሰጠ ፍርድ ከሆነ፣ ከፍርዱ ቀን አንስቶ በ10 ቀን ውስጥ ከፍ ወዳለው ፍርድ ቤት፣ ወደ ሰርኪዩት ኮርት፣ ይግባኝ ይባላል፣ ክሱም እንደ አዲስ ይታያል። በ60 ቀን ውስጥ ደግሞ እዚያው ፍርድ ቤት መዝገቡ እንደገና እንዲከፈት ማመልከት ይቻላል። የእርስዎ ሁለቱም አልፈዋል። ያኔ ኤፕሪል ላይ ወረቀቱን ኮመዲኖ ውስጥ ሲከቱ ከ60ው የተወሰነው በእጅዎ ነበር። ይህን የምንለው ልንወቅስዎ ሳይሆን ለሌላው አንባቢ ነው፦ ቀጠሮ እንዳመለጠዎ ባወቁበት ቀን ይደውሉ። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ፌርፋክስ ላይ አይሠራም።

ሰባት ዓመት ሲሞላው ራሱ ይጠፋል የተባለው የክሬዲት ሪፖርት ወሬ ነው፤ ከዋራንት ጋር ተደባልቆብዎታል። ካፒያስ ፖሊስ ሲፈጽመው ወይም ዳኛ ሲያነሳው እንጂ በራሱ ጊዜ አያልቅም። ቨርጂኒያ ውስጥ የኋላ መብራት ተቃጥሎ ያስቆመዎት ፖሊስ መኪናው ውስጥ ባለው ኮምፒዩተር ያየዋል። ሜሪላንድ ላይ መታየት አለመታየቱ ማዘዣው ወደ አገር አቀፉ መዝገብ መግባቱና «ከምን ያህል ርቀት ሄደን እናመጣዋለን» ብለው መሙላታቸው ላይ ይመረኮዛል፤ ለቀላል ወንጀል ብዙ ጊዜ ሩቅ አይሄዱም። በዚህ ተማምኖ ግን አይኖርም። ቨርጂኒያን አልረገጥኩም ብለዋል፤ ሬገን ኤርፖርት ሰው ያደረሱ ዕለት ግን ቨርጂኒያን ረግጠዋል። ዱለስም ቨርጂኒያ ነው።

አሁን ካፒያስ አለ ብለን እንቀጥል። ሁለት በር አለዎት። የመጀመሪያው ጠበቃ ነው። ጠበቃው ለፍርድ ቤቱ አመልክቶ ካፒያሱ እንዲነሳና ጉዳዩ ቀን እንዲቆረጥለት ይጠይቃል። ዳኛው ከተቀበለ ሳይያዙ፣ አሻራ ሳይሰጡ በቀጠሮዎ በእግርዎ ይገባሉ። እንቢ ሊልም ይችላል፤ ከዳኛ ዳኛ ይለያያል፣ ለዚህ ነው በዚያው ፍርድ ቤት በየሳምንቱ የሚቆም የፌርፋክስ የትራፊክ ጠበቃ የሚያስፈልገው። ታዋቂ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወይም የሲልቨር ስፕሪንግ ጠበቃ እዚህ ላይ አይተካውም፤ የቨርጂኒያ ፈቃድ ከሌለውማ ጨርሶ መቆም አይችልም። ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ያስመልሱት፦ ዋጋው ሪክለሱንም፣ ያለመቅረቡንም ክስ ይሸፍናል? ብያዝ የዋስትና ችሎቱ ላይ ይቆምልኛል? ካፒያሱን ሳልያዝ ለማስነሳት ይሞክራል ወይስ በቀጥታ እጅህን ስጥ ነው የሚለኝ? «እኔ ሰው አውቃለሁ፣ በሁለት ቀን አጠፋልሃለሁ» የሚልዎትን ቡና ጋብዘው ይሸኙት።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለዎ፣ እስራት ሊያስከትል በሚችል ክስ ፍርድ ቤቱ ራሱ ያቆምልዎታል። የገቢ ቅጽ ይሞላል፤ መለኪያው የቤተሰብዎ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 125 በመቶ ያልበለጠ መሆኑ ነው። ፌርፋክስ የራሱ የፐብሊክ ዲፌንደር (የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ) ቢሮ አለው። ችግሩ፣ ጠበቃው የሚመደበው ዳኛ ፊት ከቀረቡ በኋላ ስለሆነ ካፒያሱን አስቀድሞ ለማስነሳት አይደርስልዎትም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው በር መግባት ግድ ይሆናል፤ እሱም ራስን ማስረከብ ነው።

ፌርፋክስ ውስጥ ማጅስትሬቱ ያለው ጁዲሻል ድራይቭ ላይ ማረፊያ ቤቱ ዘንድ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ ቼይን ብሪጅ ሮድ 4110 ላይ አጠገቡ አለ። ማጅስትሬት ዳኛ አይደለም፣ ክስዎንም አይመረምርም። 24 ሰዓት ተቀምጦ ማዘዣ የሚያወጣና የተያዘን ሰው በምን ዋስ እንደሚለቅ የሚወስን ሹም ነው። ክፍት ስለሆነ ብቻ ግን በማንኛውም ሰዓት አይኬድም። ማጅስትሬቱ አለቅም ቢል ወደ ዳኛ የሚቀርቡት በሚቀጥለው የሥራ ቀን ነው። ዓርብ ከሰዓት የሄደ ሰው እስከ ሰኞ፣ ሰኞ በዓል ከሆነ እስከ ማክሰኞ ሊያድር ይችላል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ በጠዋት ይሂዱ።

በራስዎ መኪና አይሂዱ፤ ቢያድሩ መኪናው ይጎተትብዎታል። መንጃ ፈቃድዎን፣ የመዝገቡን ቁጥር፣ የቤት ኪራይ ውልዎን፣ የቅርብ ጊዜ የገቢ ማስረጃ፣ ልጆች ካሉዎት የትምህርት ቤት ወረቀት ይያዙ። ያቺን ኮመዲኖ ውስጥ ያለችውን መጥሪያ አይርሷት። ዋናውን ለጠበቃዎ ወይም ለቤተሰብ ሰጥተው እርስዎ ፎቶ ኮፒውን ይያዙ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በፋርማሲው ብልቃጥ፣ ስምዎ ያለበት ሆኖ ይሁን፤ በላስቲክ የተቋጠረ ኪኒን አይቀበሉም። ስልክዎን ስለሚወስዱት የሦስት ሰው ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ዛሬ የሚስቱን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ የለም። ኪስዎን ደግሞ ሌሊቱን ያራግፉ። የቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ ያለች ትንሽ ቢላዋ፣ የሌላ ሰው መድኃኒት፣ ካለፈው ቅዳሜ የተረፈች የጫት እንጨት አንዱን ክስ ሦስት ታደርገዋለች።

ማጅስትሬቱ ፊት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ «አማርኛ» ማለት በቂ ነው፣ አያስከፍልም። እንግሊዝኛዎ ኡበር ላይ የሚበቃዎት ቢሆንም «ሰስፔንድድ» (አፈጻጸሙ የታገደ) እና «አንሴኪዩርድ» (ገንዘብ ሳይያዝ የሚፈረም ዋስትና) ላይ ሲደርስ ይጥልዎታል። የሚናገሩት አጭር ይሁን፦ የት እንደሚኖሩ፣ ስንት ዓመት እንደኖሩ፣ ሥራዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ራስዎ እንደመጡ። ማጅስትሬቱ የሚመዝነው አንድ ነገር ነው፤ «ይሄን ሰው ብለቀው ይመለሳል ወይ?» በራስዎ እግር መምጣትዎ ከሁሉ የሚበልጠው መልስ ነው። ስለ ፍጥነቱ አንድም ቃል አይተንፍሱ። ቢታሰሩ ከእስር ቤት ስልክ ለሚስትዎም ቢሆን ስለ ጉዳዩ አያውሩ፣ ይቀዳል፤ በአማርኛ ነው ብለውም አይመኑ።

ውጤቱ ከሦስት አንዱ ነው። በፊርማ ብቻ መለቀቅ፤ አሁን ገንዘብ ሳይከፍሉ ብቀር ይህን ያህል እከፍላለሁ ብሎ ፈርሞ መለቀቅ፤ ወይም በገንዘብ የተያዘ ዋስትና። የመጨረሻው ለምሳሌ 2,000 ዶላር ቢሆን፣ ሙሉውን በጥሬው ካስያዙ ቀጠሮዎን ሁሉ አክብረው ሲጨርሱ ይመለስልዎታል። በክፍያ ዋስ የሚሆን ቦንድስማን ዘንድ ከሄዱ የቨርጂኒያ ሕግ ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲያስከፍል ነው የሚፈቅድለት፤ 200 እስከ 300 ዶላር ይከፍላሉ፣ አይመለስም። እንደ አገር ቤት ዘመድ መታወቂያውን ይዞ ቆሞ «እኔ ዋሱ ነኝ» የሚልበት ነገር ብቻውን እዚህ አይበቃም፤ ገንዘብ ወይም ንብረት ያስፈልጋል። ካፒያሱ ላይ ዳኛው ራሱ የጻፈው ትእዛዝ ካለ ደግሞ የማጅስትሬቱን እጅ ሊያስር ይችላል። ለዚህ ነው ክለርኳን አስቀድመው የጠየቋት።

ችሎቱ ላይ ሁለት ነገር ይጠብቅዎታል። አንዱ ያለመቅረቡ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ በሚስዲሚነር ክስ አለመቅረብ ራሱን የቻለ ክላስ 1 ሚስዲሚነር ነው። ሕጉ ግን «ሆን ብሎ» ይላል። የእርስዎ ታሪክ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፦ 03/05ን ሜይ 3 ብሎ ማንበብ ግማሹ ዓለም የሚያደርገው ስሕተት ነው፤ ያኔ ሜይ 3 ላይ ሥራ እንደማይገቡ የጻፉት መልእክት፣ ስልክዎ ካላንደር ላይ የመዘገቡት ነገር ካለ ሳይጠፋ አውጥተው ለጠበቃዎ ይስጡ። ድክመትዎንም ይወቁት። ስሕተቱ ማርች 5ን ያስረዳል እንጂ ከኤፕሪል ወዲህ ያለውን ዝምታ አያስረዳም። ዐቃቤ ሕግ ያንን ይጠይቃል፤ ይህንን የሚመልሰው ጠበቃዎ እንጂ እርስዎ ተነስተው አይደለም።

ሁለተኛው ራሱ ሪክለሱ ነው፤ ሰው በዋራንቱ ተጨንቆ ይረሳዋል እንጂ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ቨርጂኒያ ሕግ ዳኛው ወይም ዐቃቤ ሕጉ ሪክለሱን ወደ ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ እንዲያወርዱት ይፈቅዳል፤ ያ ወንጀል ሳይሆን እስከ 500 ዶላር የሚያስቀጣ የደንብ መተላለፍ ነው። ወደ ተራ ፍጥነት ማለፍ የሚወርድበትም ጊዜ አለ። እንዲወርድ ባዶ እጅ አይኬድም። ከሜሪላንድ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት (ኤምቪኤ) የመንጃ ሪከርድዎን ያውጡ። የስምንት ሰዓት የድራይቨር ኢምፕሩቭመንት ኮርስ ይውሰዱ፤ የትኛውን እንደሚቀበሉ ግን ከመመዝገብዎ በፊት ጠበቃዎን ይጠይቁ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚወሰደውን የማይቀበል ዳኛ አለና። የያኔው መኪና አሁንም እጅዎ ላይ ካለ የስፒዶሜትሩን ትክክለኛነት ጋራዥ አስለክተው የምስክር ወረቀት ይያዙ፤ ሕጉ ማስረጃ አድርጎ ይቀበለዋል። ስፒዶሜትርዎ አምስት ማይል አሳንሶ የሚያሳይ ከሆነ እርስዎ 79 እየነዱ ነው የመሰለዎት ማለት ነው፤ ዳኛ ይህን ያያል። የኡበርዎም ነገር እዚሁ ላይ ያርፋል፤ የወንጀል ሪክለስና የደንብ መተላለፍ በባክግራውንድ ቼክ ላይ እኩል አይታዩም።

ወደ ሲቲዝንሺፑ እንምጣ። የዜግነት ማመልከቻ ቅጹን፣ ኤን-400ን፣ አሁን አያስገቡ። ቅጹ ተይዘው፣ መጥሪያ ተሰጥቶዎት ወይም ተከሰው ያውቃሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ መልስዎ ዛሬም «አዎ» ነው። አሻራ ሲሰጡ ይወጣል፣ «አላውቅም» ማለት ደግሞ ከሪክለሱ የከፋ ችግር ነው፤ መዋሸት ተብሎ ይያዛልና። ጉዳዩ ተዘግቶ፣ የሁለቱንም ክሶች ውጤት ክለርኩ ማኅተም አድርጎበት ሲሰጥዎ ከዚያ ያመልክቱ። እስራት ተፈርዶ «ሰስፔንድ» ቢደረግልዎ እንኳ በኢሚግሬሽን ሕግ የተፈረደው ሙሉ ጊዜ እንደ እስራት ይቆጠራል፤ ፕሮቤሽን ላይ እያሉም ማመልከቻዎ አይጸድቅም። የወንጀል ጠበቃዎ ስምምነት ከመቀበልዎ በፊት ለግሪን ካርድዎ ምን እንደሚያመጣ ሊነግርዎ ግዴታ አለበት፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በፓዲላ ጉዳይ ወስኖታል። ስለዚህ ግሪን ካርድ እንዳለዎት በመጀመሪያው ደቂቃ ይንገሩት፤ ስምዎን አይቶ አይገምትም። ግሪን ካርድ የሌላችሁ፣ የአሳይለም ጉዳያችሁ ያልተወሰነ አንባቢዎች ደግሞ ራሳችሁን ከማስረከባችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። እስር ቤት የሚሰጥ አሻራ ወደ ፌዴራል መዝገብም ይሄዳል።

የእናትዎ ነገር ከባድ ነው፤ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላቸው። እንዲህም ሆኖ ይህ ሳያልቅ ቲኬት አይቁረጡ ነው የምንለው። መውጣቱ ብዙም ላያስቸግር ይችላል። ሲመለሱ ዱለስ ላይ ፓስፖርትዎን የሚያየው የድንበር ሹም ማዘዣው አገር አቀፉ መዝገብ ውስጥ ካለ ያየዋል፤ ወደ ኋላ ክፍል ወስዶ ለፖሊስ ሊያስረክብዎ ይችላል፣ ሻንጣዎ ከነበርበሬው መሬት ቀርቶ። ጠበቃዎ ጉዳዩ አስቸኳይ መሆኑን በሐኪም ደብዳቤ አስደግፎ ቀኑን እንዲያቀርቡለት ይጠይቅ። በዋስ ከወጡ በኋላ ደግሞ የዋስትናው ወረቀት ከስቴት መውጣትን ይከለክል እንደሆነ ያንብቡ፤ እርስዎ ሜሪላንድ ስለሚኖሩ ይህ ቃል ገና በር ላይ መስተካከል ያለበት ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ይኸው ላጋጠማችሁ፣ የሜሪላንድ ጁዲሻሪ ኬስ ሰርች ነጻ ነው። እዚያ የማጅስትሬቱን ቦታ የሚይዘው የዲስትሪክት ኮርት ኮሚሽነር ነው፤ ዋራንቱ እንዲነሳ በጽሑፍ ለክለርኩ አመልክቶ የዳኛ መልስ መጠበቅም የተለመደ ነው።

አንድ ነገር ሳንናገር እንዳናልፍ። ሰሞኑን ስልክዎ ጮኾ «ሸሪፍ ነኝ፣ ዋራንት አለብህ፣ አሁን በዜል ወይም በጊፍት ካርድ ካልከፈልክ መኪና ልከናል» የሚል ሰው ቢመጣ ይዝጉበት። እውነተኛ ዋራንት ስላለብዎ ብቻ የደወለው ሰው እውነተኛ አይሆንም። ፍርድ ቤት በጊፍት ካርድ አይከፈልም፤ ሸሪፍም እየመጣሁ ነው ብሎ ደውሎ አያስጠነቅቅም።

ሲያልቅልዎ ካፒያሱ መነሣቱን የሚያሳየውን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁለት ቅጂ ይውሰዱ። አንዱን መኪናዎ ውስጥ ከኢንሹራንሱ ጋር ያኑሩት፤ ከፍርድ ቤቱ ወደ ፖሊስ ኮምፒዩተር የሚሄደው መረጃ አልፎ አልፎ ይዘገያልና ሌሊት 95 ላይ የሚያስቆምዎ ፖሊስ አሮጌውን ሊያይ ይችላል። ቤት ከቀየሩ አዲሱን አድራሻ ለክለርኩ በጽሑፍ ያስገቡ፣ ለኤምቪኤ በ30 ቀን፣ ለኢሚግሬሽን ደግሞ በኤአር-11 ቅጽ በ10 ቀን ውስጥ።